በየትኛው ጸ?

ሰው ሁሉ ጋሽ ሙጫ ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን ከሚስቱ፣ ከልጁና ከመታወቂያ ካርዱ በቀር የሚያውቅለት ያለ አይመስለኝም። መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ከቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ላይ የደረቀ ሙጫ አይጠፋም፤ ሲጨብጡት እጁ ቶሎ አይላቀቅም፤ ስሙ የወጣለትም ከዚያ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ሠራ። ቤቱ መንገድ ዳር፣ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል ፊት ለፊት ነበር። ጠበቃ የተበታተነ ሰነዱን፣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ጡረተኛ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያለቀ መዝገበ ቃላቱን ይዞ ይገባል። ጋሽ ሙጫ የላላውን ስፌት ይፈታል፣ ገጾቹን በቅደም ተከተል ያስተካክላል፣ በወስፌ ይበሳል፣ ሰም ባሸው ክር ይሰፋል፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብቶ መጭመቂያው ውስጥ ያሳድረዋል። በማግስቱ ልባሱ ላይ ርእሱን በወርቅማ ፊደል ያትማል። ደንበኛ ፈልጎ አያውቅም። በሩ ክፍት ነው፣ መንገዱ ሰው አለበት፣ አለቀ።

አንድ አመል ግን ነበረው። በፊደል ነገር ቀልድ አያውቅም። ገና ጎረምሳ ሳለ ማተሚያ ቤት ወረቀት አጣፊ ሆኖ ሲቀጠር፣ አንድ ኮስታራ አራሚ ከጎኑ አስቀምጦ ድምፃቸው አንድ መልካቸው የተለያየ የሆኑትን ፊደላት በየስማቸው አስጠናው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ከዚያ ወዲህ ቦታውን የሳተ ፊደል ሲያይ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ደንበኛ ርእሱን ወረቀት ላይ ጽፎ ሲሰጠው አርሞ ነው የሚያትመው። «ሕግ በሐመሩ ሐ ነው» ይላል፣ ሳይጠይቁት።

ሚስቱ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። «የኔ መኪና ላይ ሐመሩ ሐ ተሰብሮ አራት ዓመት ሙሉ በሃሌታው ስጽፍ አንድ ደብዳቤ እንኳ ተመልሶ አልመጣም» ትለዋለች። ይህን ስትል ጋሽ ሙጫ ጆሮውን ይይዛል። በትዳራቸው ውስጥ ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ጠብ አልነበረም።

እንግዲህ ያ መንገድ ዳር ያለው ቤት ሊፈርስ ሆነ። ጋሽ ሙጫ መጭመቂያውን፣ የወረቀት መቁረጫውንና የፊደል ሳጥኖቹን አስጭኖ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ አንድ ያረጀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገባ። ክፍሉ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ከጎኑ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ከእሷ ወዲያ ያለው በር ዘወትር ዝግ ነው። እሱም ሰሌዳ ራሱ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ፤ «መጻሕፍት እንጠርዛለን፤ እናድሳለን»። በአሮጌው ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ አዲሱን አድራሻ በትልቁ ጽፎ ለጠፈ። ግድግዳው በሳምንቱ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ጭር አለ። መጀመሪያ ዕቃ ማደራጃ ጊዜ አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። ክሮቹን በየቀለማቸው ደረደረ፤ ወስፌዎቹን ሳለ። በሁለተኛው ወር የሚስለው ነገር አለቀበት። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሲሰማ ቀና ይላል፤ ኮቴው ወደ ልብስ ሰፊዋ በር ይታጠፋል። አንድ ቀን ቢቸግረው ሄዶ ጠየቃት።

«ሰው ማንበብ ተወ እንዴ፣ የኔ እመቤት?»

እሷ በከንፈሮቿ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ ባንድ አውጥታ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ? ሱሪ ማሳጠር እንዳልተወ ነው የማውቀው» አለችው።

ነገሩ የተገለጠው በሦስተኛው ወር ነው። ጡረታ የወጣ ቀያሽ፣ የድሮ ደንበኛው፣ ሱሪ ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሲያልፍ በተከፈተው በር ጋሽ ሙጫን አየና ቆመ።

«አንተ! አለህ እንዴ?»

«ወዴት እሄዳለሁ?»

«ስልክ ላይ ፈልጌህ የለህም እኮ!»

«ቁጥሬ እንዳለ ነው፤ አልቀየርኩም።»

«ቁጥርህን ማን ያውቃል! መፈለጊያው ላይ ጽፌ ፈለግኩህ። ሦስት ቀን ፈለግኩህ። ሌላ ሰው አመጣልኝና መዝገበ ቃላቴን ወሰድኩለት፤ ምን እንዳደረገው ልንገርህ?» ቀያሹ መናገሩ አልበቃው ብሎ ቤቱ ሄዶ መዝገበ ቃላቱን ይዞ ተመለሰ። የሰነድ ሽቦ መትተውበታል፤ ጀርባውን በፕላስተር ጠቅልለውታል። ጋሽ ሙጫ መጽሐፉን እንደ ታመመ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለው።

«እኔ እያለሁ?» አለ።

«የለህማ! የለህም አልኩህ እኮ። እኔ እንዲያውም የሞትክ መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ሙጫ ያን ቀን ሽቦውን አንድ ባንድ በጉጠት ሲነቅል ዋለ። በር ከፍቶ፣ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «የለህም» መባል ምን ማለት እንደሆነ ሊገባው አልቻለም።

ሴት ልጁ መድኀኒት ቤት ነው የምትሠራው። በዕረፍት ቀኗ ወደ ሱቁ መጥታ ሁሉን ነገር ሰማችና ሳቀች። «ቀላል ነው፣ አባዬ። ሰው አሁን የሚፈልገውን ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ መፈለጊያው የሚያውቃቸውን ሱቆች ያወጣለታል። አንተን ስለማያውቅህ ነው። እናስተዋውቅሃለን።» ስልኳን አውጥታ ገጽ ከፈተችለት። አድራሻ፣ የሥራ ሰዓት፣ የበሩ ፎቶ፣ የመጭመቂያው ፎቶ።

«የሱቁ ስም ምን ይሁን?»

«መጻሕፍት ጥረዛና እድሳት። ጸሎቱ ጸ ራብዕ፣ ሐመሩ ሐ ሳድስ…»

«አባዬ፣ መጻፍ እኮ እችላለሁ።»

«የምትሠሪበት መድኀኒት ቤት ሰሌዳው በስንተኛው ሀ እንደተጻፈ ሳላየው ቀርቼ ነው?»

ጻፈች። እሱ ከጀርባዋ ቆሞ ፊደል በፊደል አመሳከረ። በሳምንቱ መፈለጊያው ማረጋገጫ ላከና ገጹ ወጣ። ልጅቷ የሱቁን ስም ስትጽፍ እውነትም በሩ፣ መጭመቂያው፣ ስልክ ቁጥሩ ግጥም ብሎ መጣ። ጋሽ ሙጫ አሁን «አለሁ» አለ። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ መክፈት ጀመረ።

ማንም አልመጣም። አንድ ወር ጠበቀ፤ ማንም።

ግራ ቢገባው እንደገና ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደ። «እስቲ አንቺ መጽሐፍ ጠራዥ ፈልጊልኝ። እኔን አትፈልጊ፤ እንዲሁ እንደ ባዳ ሰው ፈልጊ።» ሰፊዋ መቀሷን አስቀምጣ ስልኳን አነሣች። «መፅሃፍ መጠረዣ» ብላ ጻፈች። የመጣው አንድ የትምህርት ቤት ዕቃ መሸጫ፣ ሁለት መጽሐፍ ቤት፣ አንድ ዘፈንና ስለ ሃይማኖት መጻሕፍት የሚናገር ረጅም ጽሑፍ ነው። ወደ ታች ገፋች፤ ገፋች። ጋሽ ሙጫ የለም።

«እኔ የት ነኝ?»

«እንጃ፣ ጋሼ» አለች፤ «እዚህ ግድግዳ ማዶ እንደተቀመጡ እኮ አውቃለሁ። ይሄ ግን አያውቅም።»

ጋሽ ሙጫ ዓይኑ ቃሉ ላይ ነው። ፀሐዩ ፀ። ደግሞ ሃ፣ ያውም ራብዑ። ፊቱ ተጨማደደ። ወደ ክፍሉ ተመልሶ በራሱ ስልክ ላይ «መጽሐፍ ጥረዛ» ብሎ በትክክሉ ጻፈ። ሱቁ ሦስተኛ መጣ! ፀሐዩን ፀ አስገብቶ ጻፈ፤ ጠፋ። ጸሎቱን መልሶ ሃሌታውን ሀ አደረገ፤ ሌላ ከተማ ያለ ሰው መጣ። ብዙኃኑን ኀ ሞከረ፤ «ይህን ማለትዎ ነው?» ብሎ ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ጠየቀው።

የልባስ ካርቶን ቁራጭ አነሣና በእርሳስ ዝርዝር ጻፈ። ጸ ሁለት ዓይነት፣ ሐ ሦስት ዓይነት፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት። ስድስት መጽሐፍ። በየአንዳንዱ ፊት የመጣውን መዘገበ። አፍ ሲጠራቸው አንድ የሆኑ ስድስት ቃላት፣ መፈለጊያው ዘንድ ግን ስድስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እሱ የተቀመጠው አንደኛው ጋ ነው፤ ሕዝቡ ያለው ሌሎቹ ጋ።

ካርቶኑን ወደ ቤት ይዞ ሄደ። ሚስቱ የዓይን መነጽሯን አድርጋ አየችው። ጋሽ ሙጫ «ይኸው፣ ድል ያንቺ ነው» የምትለውን እየጠበቀ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።  እሷ ግን እርሳሱን ከእጁ ወሰደችና ከሥር መጻፍ ቀጠለች፤ ሃ፣ ሓ፣ ኃ፤ ለእያንዳንዱም ሁለቱን ጸ።

«ዐሥራ ሁለት ነው» አለች።

«ይሄንንስ የሚጽፍ አለ?»

«አለቆቼ በእጃቸው ረቂቅ ጽፈው ሲሰጡኝ ያላየሁት አለ? አንድ ኃላፊ ነበር፣ አንድ ገጽ ላይ አራት ዓይነት አድርጎ የሚጽፍ። ጥረዛውንማ ተወው፤ መጠረዣ፣ ማስጠረዣ፣ ጥራዝ፣ ጠረዛ…»

«በቃ፣ በቃ» አለ ጋሽ ሙጫ፤ ራሱ ዞረበት።

በማግስቱ ለልጁ ሳይነግር ገጹን በራሱ ከፈተ። ልጅቷ እንዴት እንደሚስተካከል አሳይታዋለች። ከሱቁ ስም ቦታ ላይ «መጽሐፍ መፅሐፍ መጽሀፍ መፅሀፍ መጽሃፍ መፅሃፍ ጥረዛ ጠረዛ መጠረዣ ማስጠረዣ» ብሎ ጻፈ። በዕድሜው ሙሉ እያወቀ አሳስቶ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው። ሲጨርስ መስኮቱን ከፍቶ ትንሽ ነፋስ ወሰደ። ነውር የሠራ ያህል ተሰማው፤ ቢሆንም «ለእንጀራ ነው» ብሎ ራሱን አጽናና።

በሦስተኛው ቀን የሱቁ ገጽ ጠፋ። በትክክለኛው ስም ቢፈልግ የለም፤ በስህተቱ ቢፈልግ የለም። የመጣው መልእክት አንድ መስመር ነው፤ ገጽዎ መመሪያ በመጣሱ ታግዷል።

ልጁን ደውሎ ጠራት። እንደ ደረሰች ስሙን አየችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አባዬ! ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ልኩንም ስህተቱንም ጻፍኩ። ማንም ቅር እንዳይለው።»

«አንድ ቃል ሲደጋገም ማሽኑ ተንኮል ነው ብሎ ያስባላ! ሰው ለማታለል የተጻፈ ይመስለዋል።»

«ማሽኑ ያስባል?»

«አያስብም።»

«ታዲያ ተንኮል መሆኑን እንዴት አሰበ?»

«እንደዚያ ተደርጎ ነው የተሠራው።»

«ስድስቱ መጽሐፍ አንድ ናቸው ሲባል አይገባውም፤ ስድስቴ ስትጽፊው ግን አንድ ቃል እንደሆኑ ይገባዋል?»

 «እሱን እኔም አላውቅም» አለች ልጅቷ።

ጋሽ ሙጫን ያንገበገበው መታገዱ አይደለም፤ አታላይ መባሉ ነው። ጠበቆች ኦሪጅናል ሰነድ ጥለውበት የሚሄዱ ሰው ነበር። ማን እንደከሰሰው፣ ለማን እንደሚያስረዳ አያውቅም። ልጅቷ ይግባኝ ጻፈችለት፤ ሱቁ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ቪዲዮ ላኩ ተባሉ። ጋሽ ሙጫ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ስልኩን ይዞ ከደረጃው ጀምሮ እየተራመደ ቀረጸ፤ ለማን እንደሚናገር ስላላወቀ በአንቱታ ነው የተናገረው። «ጤና ይስጥልኝ። ይሄ ደረጃው ነው፤ ሦስተኛዋ ደረጃ ትንሽ ተሰብራለች፤ ይጠንቀቁ። ይቺ ጎረቤቴ ናት። ይሄ በሬ ነው። ይሄ መጭመቂያዬ ነው፤ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል። እንግዲህ አለሁ።»

ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ገጹ፣ የድሮ ስሙን እንደያዘ፣ ተመለሰ። ይቅርታም የለም፣ ማብራሪያም የለም። በምን እንደታሰረ በወጉ ሳይገባው፣ በምን እንደተፈታ ደግሞ ጭራሽ አልገባውም።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። አንድ ቀን ምሳ ይዛለት ወደ ሱቁ ወጥታ፣ ልጅቷ የሌሎች ሱቆችን ገጽ ስታሳየው ከጎን ሆና ተመለከተች። ከየሱቁ ሥር ደንበኞች የጻፉት አስተያየት አለ።

«ይሄን ማሽኑ ያነበዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ያነበዋል» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ ምን ትደክማላችሁ? ደንበኛው ራሱ ይጻፍላችኋ! እሱ እንደሆነ እንደለመደው ነው የሚጽፈው፤ አንዱ በዚህ ሀ፣ አንዱ በዚያ። አባትሽ እጁን አላስነካ፣ ማሽኑ አታላይ አላለው።»

መጀመሪያ የተጠየቀው ቀያሹ ነው። መዝገበ ቃላቱ ታድሶ ሲሰጠው ጀርባውን እያሻሸ ደስ ብሎት፣ እዚያው ቆሞ ጻፈ፤ «የተገነጣጠለ መዝገበ ቃላቴን አዲስ አስመስሎ ሰራልኝ። መፅሀፍ ማስጠረዝ የፈለገ ሰው ሌላ ቦታ እንዳይለፋ።»

ጋሽ ሙጫ ቀያሹ እንደወጣ አነበበው። ደስ አለው። ደግሞ አነበበው፤ መፅሀፍ። ሰራልኝ፣ ያውም በእሳቱ ሰ። ሊያልፈው ሞከረ፤ ተነሥቶ ሙጫውን አማሰለ፤ ተመለሰ። ከአስተያየቱ ሥር መልስ መጻፊያ ቦታ እንዳለ አየ። እጁ አላስቻለውም። «እናመሰግናለን። ሆኖም ‹መጽሐፍ› የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ እና በሐመሩ ሐ ነው። ‹ሠራ› ደግሞ በንጉሡ ሠ ነው» ብሎ ላከ።

በበነጋታው ልጁ ደወለች። «አባዬ፣ ቀያሹ አስተያየቱን ቀየረው።»

«አረመው?»

«‹ጥሩ ነው› ብቻ ብሎ ጻፈ።»

ሚስቱ የዚያን ቀን ያህል ተቆጥታው አታውቅም። «ሰውየው ባደባባይ ሊያመሰግንህ ቢቆም፣ ባደባባይ ፈተና ትፈትነዋለህ?» አለችው። ጋሽ ሙጫ ቀያሹ ቤት ሄደ። ቀያሹ በሩን ከፍቶ ቆመ፤ ግባም አላለው።

«አርባ ዓመት መሬት ስለካ ኖሬ አንድ ሰው ስህተቴን አላገኘም» አለ ቀያሹ። «አንተ በሁለት መስመር ሦስት አገኘህብኝ። የልጅ ልጆቼ አነበቡት እኮ!»

«አጥፍቻለሁ፣ ወዳጄ። አመል ሆኖብኝ ነው።»

«አሁን በየትኛው ልጻፍልህ? ንገረኝ።»

 «እንደመጣልህ» አለ ጋሽ ሙጫ። ይህን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደከበደው ቀያሹም ሳይታወቀው አልቀረም፤ ሳቀና ወደ ውስጥ ጎተተው።

ቀያሹ እንደገና ጻፈ፤ አሁን ረጅም አድርጎ፣ ከሀ እስከ ፐ፤ እንዴት ሱሪ ለማሳጠር ሁለተኛ ፎቅ እንደወጣ፣ እንዴት በአጋጣሚ ጠራዡን እንዳገኘ። ጋሽ ሙጫ አነበበው፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ምንም አልመለሰም።

በዚያው ሳምንት ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ወደ ልብስ ሰፊዋ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ መጣ። ጋሽ ሙጫ ብድግ አለ። አንድ ወጣት ሱሪ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሱሪ የሚያሳጥሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? አይ ልጄ፣ እኔ መጽሐፍ ነው የምጠርዘው።»

«ስልኩ ግን እርስዎን ነው ያመጣልኝ።» አሳየው። እውነትም «ሱሪ ማሳጠር» ቢል የመጣው የጋሽ ሙጫ በር ነው። በማግስቱ ሁለት ሱሪ፣ ከዚያ አንድ ቀሚስ መጣ። ሁሉንም ግድግዳውን እያሳየ ወደ ሰፊዋ ላካቸው። ሰፊዋ በሳቅ ፈነዳች፤ «ጋሼ፣ እኔን ፍለጋ እርስዎ ጋ፣ እርስዎን ፍለጋ የት ይሆን የሚሄዱት?» አለችው። እሱም ይህንኑ ነበር የሚያሰላስለው።

ግን መጽሐፍ የያዙትም ቀስ በቀስ መምጣት ጀመሩ። አንዲት የሙዚቃ መምህርት የኖታ ደብተሮቿን አመጣች። አንድ መሐንዲስ የአባቱን የሒሳብ መጽሐፍ አመጣ፤ አይጥ ጥጉን በልቶታል። ጋሽ ሙጫ ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ሁሉንም «ምን ብላችሁ ጽፋችሁ አገኛችሁኝ?» ይላቸዋል፤ መልሳቸውንም ካርቶኑ ላይ ያሰፍራል። መምህርቷ «ደብተር ማሰፊያ» ነው ያለችው። መሐንዲሱ «የተበላ መፅሃፍ ማስተካከያ»። አንዲት አዋላጅ «መጽሀፌ ተገነጠለ ምን ላድርግ» ብላ፣ እናቷን እንደምታማክር ሁሉ፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጽፋ መጥታለች። ጥረዛ የሚል ቃል የጻፈ ከዐሥር አንድ አይገኝም። ጋሽ ሙጫ ሥራው በሰው አፍ እንዲህ ብዙ ስም እንዳለው ያወቀው ገና አሁን ነው። ሚስቱ ካርቶኑን በየሳምንቱ ታነበዋለች፤ «ይሄ የኛ ኃላፊ መሆን አለበት» እያለች ትስቃለች።

ሕጉን ለማግኘት ግን አልቻለም። አንዱን ሳምንት በፀሐዩ ፀ ሲፈልግ ሁለተኛ ይወጣል፤ በሚቀጥለው በዚያው ፀ ይጠፋል። ልጁን ሲጠይቃት «አሠራራቸውን ቀይረው ይሆናል» ትለዋለች። «ማን?» ሲላት ትከሻዋን ትሰብቃለች። ልብስ ሰፊዋም የራሷ ገጽ እንዲኖራት ብትፈልግ የሄደችው ወደ እሱ ነው፤ እሱም ዐዋቂ መስሎ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ አጥቶ፣ «ደንበኞችሽ ሥራሽን ምን ብለው ነው የሚጠሩት?» ብሎ ጠየቃት። ሌላ የሚመክራት ነገር አልነበረውም። ለእሷ ግን በሁለት ሳምንት ሠራላት። ለምን ቶሎ እንደሠራላት እሱም አልገባውም።

ሥራው አሁን የድሮውን ባያህልም መጭመቂያው ባዶ ሆኖ አያድርም። በቀደም ዕለት አንዲት ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ አቅፋ መጣች። ልባሱ ለብቻው፣ ገጾቹ ለብቻቸው ናቸው። ጋሽ ሙጫ መጽሐፉን እያገላበጠ ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበና እርሳሱን አነሣ።

«ልጄ፣ እኔን ያገኘሽኝ በየትኛው ጸ ጽፈሽ ነው?»

«ምን?»

«መጽሐፍ ብለሽ ስትጽፊ፤ በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?»

ልጅቷ ግራ ተጋብታ አየችው። «አልጻፍኩም እኮ፣ ጋሼ። ለስልኬ ነገርኩት።»

«ነገርሽው?»

«አዎ፤ እጄ ሞልቶ ነበር። ‹መጽሐፍ የሚጠግን ሰው ፈልግልኝ› አልኩት፤ እሱ ፈለገ።» ስልኳን አፏ አጠገብ አድርጋ እንዴት እንደተናገረች አሳየችው።

ጋሽ ሙጫ እርሳሱን እንደያዘ ቀረ። የድምፅ ጸ አንድ ናት፤ ጸሎቱም ፀሐዩም በአፍ ሲወጡ አይለዩም። «እና ስልኩ…» አለ፤ «ስልኩ በየትኛው ጸ ሰማሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። «እሱን እኔ በምን አውቃለሁ?»

ካርቶኑ ላይ የት እንደሚያሰፍራት ቸገረው። ከዐሥራ ሁለቱ የትኛውም ጋ አትገባም። ትንሽ አሰበና ከሥር፣ ጥጉ ላይ፣ «አንዲት ተማሪ፤ ተናግራ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወስፌውን አነሣና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ማስተካከል ጀመረ።

«መቼ ልምጣ፣ ጋሼ?»

«ሐሙስ» አላት፤ «ከሰዓት በኋላ።»